በሔግ የከሰስንበት መብት
(ድሬዳዋ ላይ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ሽማግሌዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሙቀት ከከዚራም ከመጋላም፣ ከሳቢያንም፣ ከሐረርም ወርዳችሁ አዳራሹን ስለሞላችሁት ከልብ አመሰግናለሁ።

በዩኒቨርሲቲ ስለ ዘር ፍትሕ ስንወያይ አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው ከአሜሪካ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1954 ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ያለበትን ፍርድ እናነባለን። አሜሪካዊቷ የሕግ ምሁር ኪምበርሌ ክሬንሾ በ1989 ያቀረበችውን ሐሳብ ይዘን፣ በአንዲት ጥቁር ሴት ላይ የቀለሟና የጾታዋ በደል እንዴት እንደሚደራረብ እንከራከራለን። (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መልካም ነው፤ ይነበብ። ወደ አገራችን ስንመለስ ግን ዓድዋን አንስተን፣ ደረታችንን ነፍተን እንበተናለን። ዛሬ የምለምናችሁ እዚያ ላይ እንዳንበተን ነው።

አንድ ክስ ላንሳ። በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በሔግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ደቡብ አፍሪካ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካን፣ የዛሬዋን ናሚቢያን፣ በቀድሞው የዓለም መንግሥታት ማኅበር ስም በሞግዚትነት ተረክባ ነበር። ሰውን በዘር የሚለያየውን አገዛዟን፣ አፓርታይድን፣ እዚያም አስገብታ አደራዋን በላች የሚል ነው ክሱ። ክርክሩ ዓመታት ወሰደ። በ1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ፤ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ድምፅ ሚዛኑን ደፋውና ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ መብት እንዳላቸው አላስረዱም ተብሎ ክሱ ወደቀ። ተሸነፍን። ነገር ግን ፍርዱ ያስነሣው ቁጣ ሳይበርድ፣ በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሞግዚትነቱን ሥልጣን ሰረዘ። በ1971 ያው ፍርድ ቤት ደቡብ አፍሪካ እዚያ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው የሚል አስተያየት ሰጠ። ናሚቢያም በ1990 ነፃ ወጣች። የምሁራን ክርክር ወሬ ብቻ ነው ለሚሉን ወገኖች ይህን ታሪክ እንንገራቸው። በችሎት የወደቀ ክርክር ከችሎት ውጭ ሥራውን ቀጥሏል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ኢትዮጵያ ለመክሰስ መብት አለኝ ያለችው በምን ነበር? የቀድሞው የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስለነበረች ነው። ወደዚያ ማኅበር የገባችው በ1923 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ከፊቷ ከቆሙት እንቅፋቶች ዋነኛው የባሪያ ንግድ ነበር። ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነው የገባችው። ባርነትን ፈጽሞ የሚከለክለው አዋጅ የወጣው ደግሞ በ1942 ነው፤ ክሱ ሔግ ከመድረሱ 18 ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ። በዓለም ፊት ስለ ጥቁር ሕዝብ የተሟገትንበት ወንበር፣ ለተሸጡ ወገኖቻችን በተገባ ቃል የተገኘ ነው።

የተሸጡት እነማን ናቸው? ይህ ጥያቄ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በሐረር በኩል ወደ ዘይላና ወደ በርበራ የሚወርዱ የሲራራ ነጋዴዎች ከቡናውና ከዝሆን ጥርሱ ጋር ሰውም ይነዱ ነበር። የእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች የት ደረሱ? በሰርግና በሽምግልና ጊዜ የዘር ግንድ ሲቆጠር ምን ይደርስባቸዋል? በአማራውም፣ በኦሮሞውም፣ በሶማሌውም ዘንድ ብረት ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው ከጋብቻ ተገልለው ኖረዋል። ቢላዋውንና ማረሻውን ተቀብለን ልጁን ለልጃችን ከልክለናል። ከጋምቤላና ከቤኒሻንጉል የመጡ ልጆቻችን በቆዳቸው ጥቁረት በግቢም በባጃጅም የሚሰሙትን ስድብ እናንተ ተማሪዎች ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ። ይህን የምለው አገሬን ለማሳነስ አይደለም። አገሬ ሔግ ድረስ ሄዳ ያለችውን ነገር የምር ስለማምንበት ነው።

ከተማችንም ምስክር ናት። ባቡሩ በ1902 እዚህ ሲደርስ፣ በደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ሁለት ሰፈር አደገ። ከዚራ በተቀየሰ መንገድና በዛፍ ጥላ ለኩባንያው ሰዎችና ለውጭ ነጋዴዎች ተሠራ፤ መጋላ በገበያው ዙሪያ እንደ አቅሙ በቀለ። ማን የት እንደኖረ፣ ማን የትኛውን ሥራ እንዳገኘ የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬም በመካከላችን አሉ። ከእነሱ ሳንሰማ ስለ ሌላው ዓለም ሰፈር መለያየት ስንጽፍ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ መምህራን፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ይዘው ለሚመጡ ተማሪዎች ይህን በር ክፈቱላቸው። ውይይቱም በእንግሊዝኛ ብቻ አይሁን፤ ጉዳዩ የሚነካት እናት ቁጭ ብላ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሐረሪ ወይም በአማርኛ ትናገር፣ እኛ እናድምጥ። ስሟ እንዲጻፍ ካልፈለገች አይጻፍ፤ ቁስሏን ለማዕረጋችን መወጣጫ ማድረግ የለብንም። የሕግ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ሥራ እንድትጀምሩ እጠይቃለሁ። የ1966ቱን ፍርድ፣ የተቃወሙትን ዳኞች ሐሳብ ጨምራችሁ፣ በከተማችን ቋንቋዎች አሳጥሩትና መጋላ ያለ ነጋዴም እንዲያነበው አድርጉት። ለመርዳት ዝግጁ ነኝ፤ ከዚህ ስንወጣ በሩ ላይ እጠብቃችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።