ልጁ ጠገበ ወይ?

እሺ... እንደምን አላችሁ። አዎ፣ የጎረቤት ዶሮ ዛሬም አብሮን አለ፤ ታገሱት።

ያን መጽሐፍ ጨረስኩት። ሱንዪ ዲን እንደ ፈረንጆቹ በ2022 ያወጣችውን፣ «ዘ ቡክ ኢተርስ»ን። ከመጽሐፉ ይልቅ እንቅልፍ የነሳችኝ ግን እማ ናት።

እሑድ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ እየበላን ነበር። እሾሁን እየለቀመች ታቀብለኛለች፤ በዚህ ዕድሜዬ። «ምንድን ነው ሌት ተቀን የምታነቢው?» አለችኝ። ነገርኳት። መጽሐፍ እየበሉ የሚኖሩ ፍጥረቶች አሉ። አንዷ ልጅ ወለደች። ልጁ ግን የሚጠግበው በሰው አእምሮ ነው። የበላው ሰው ትዝታ ሁሉ እሱ ውስጥ ይቀራል። እናትየው ታዲያ ሰው እያታለለች ቤቷ ታመጣለታለች።

ታማትባለች ብዬ ጠበቅሁ። እጇ ቆመ። ውሃውን አየች። «ልጁ ጠገበ ወይ?» አለች።

በቃ፣ ይኸው ነው። ስለተበሉት ሰዎች አንድም ነገር አልጠየቀችም። «ጠገበ ወይ?» ብላ እሾህ መልቀሟን ቀጠለች።

ከዚያ ወሬውን ጣና ቂርቆስ ወሰደችው። እመቤታችን ከሄሮድስ ሸሽታ ስትሰደድ እዚያ ደሴት 3 ወር ከ10 ቀን ተቀምጣለች ይባላል አይደል? በጽጌ ሰቆቃወ ድንግል ሲዜም እማ እንባዋን አትችለውም። እኔ ልጅ ሆኜ የማስበው ሌላ ነበር። ምን በልታ? ማን እንጀራ ሰጣት? ሕፃን ታቅፋ ደክሟት የማን በር... ቆይ፣ የት ነበርኩ?

«ጠገበ ወይ?»

ያቺ ልጅ ትዝ አለችኝ። ከገጠር መጥታ እኛ ቤት የኖረችው፣ እኔን አዝላ ያሳደገችኝ። ስትመጣ 11 ዓመት ቢሆናት ነው። እማ ብቻዋን ነበረች፤ ሥራ ትውላለች። ምን ታድርግ? «ለከርሞ ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ» ትላታለች። ከርሞ ይመጣል፤ እንደገና ለከርሞ። እኔ የቤት ሥራ ስሠራ አጠገቤ ሆና የመጽሐፌን ሥዕል ታይ ነበር። ዛሬ የእህቴን ልጅ ሳስተኛ የማዜመው እሹሩሩ የእሷ ነው። ከእማ የተማርኩት አይደለም። የእሷ ነው።

እማን አልወቅሳትም። ማለቴ... እንጃ። አንዳንዴ እወቅሳታለሁ መሰለኝ። ከዚያ እጇን አያለሁ።

ያን ቀን «ያቺ ልጅስ?» ልላት አፌን ከፈትኩ። እሾህ የሌለበትን አጎረሰችኝ።

ዋጥሁት። ጣፋጭ ነበር ደግሞ። እና...