ጥርሱ ዝም ሲል፦ ለእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንደምን አደራችሁ።

የእድራችን ዳኛ ከወር በፊት መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ "እድር ለቀብር ብቻ ነው ያለው ማነው? አንድ እሁድ መጥተሽ ስለ ጥርስ ንገሪን" አሉኝ። ጥያቄ ያለው ሰው በወረቀት ጽፎ ከወርሃዊው መዋጮ ጋር ለገንዘብ ያዡ እንዲሰጥም ተነገረ። ትናንት ማታ ቆጠርኳቸው፤ 37 ወረቀት ደርሶኛል። አንዱ በስህተት የገባ የመብራት ደረሰኝ ስለሆነ ባለቤቱ ስንጨርስ መጥቶ ይውሰደው።

ወረቀቶቹን ሳገላብጥ አንድ ነገር ገረመኝ። በተለያየ እጅ ጽሑፍ፣ 9 ሰው ጽፎ የሰጠኝ ያንኑ ጥያቄ ነው፦ "ጥርሴን ክፉኛ አሞኝ ነበር፤ አሁን ትቶኛል። መታየት አለብኝ ወይ?" ዛሬ አብዛኛውን ጊዜዬን የምሰጠው ለዚህ ነው። ሌላውን እየነካካሁ አልፋለሁ፤ ቅር እንዳትሰኙብኝ።

ጥርስ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ድንጋይ አይደለም። ላዩን የሸፈነው ኢናሜል በሰውነታችን ካለው ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ግን ሕመም አይሰማውም። ከሥሩ ለስለስ ያለ ሌላ ንብርብር አለ፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ነርቭና ደም ሥር ያለበት ጠባብ ክፍል አለ። አፋችን ውስጥ ያሉ ጀርሞች ስኳሩንና የዳቦውን ፍርፋሪ በልተው አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱ ኢናሜሉን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ምንም አይሰማውም። ቀዳዳው ሁለተኛው ንብርብር ላይ ሲደርስ ቀዝቃዛ ውሃ ወይም ጣፋጭ ሲነካው ነዘር ያደርገዋል፤ ወዲያው ይለቀዋል። ያኔ የመጣ ሰው ጥርሱን አስሞልቶ በአንድ ቀጠሮ ይገላገላል።

ካልመጣ ጀርሞቹ ነርቩ ጋ ይደርሳሉ። እዚህ ላይ ነው ሌሊቱ የማይነጋው። ሌላው የሰውነት ክፍል ሲቆጣ ያብጣል፣ ቦታ ያገኛል። የጥርስ ነርቭ ግን ዙሪያውን ግድግዳ ነው፤ ወዴት ይበጥ? ጋደም ሲሉ ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ይጠዘጥዛል። ትራስ ደርቦ፣ ተቀምጦ የሚያነጋው ሰው ለዚህ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ሕመሙ ድንገት ጸጥ ይላል። እመቤቴ ሰማችኝ ይባላል። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ነርቩ ሞቶ ነው። የሞተ ነገር አይጮህም። ጀርሞቹ ግን አልሞቱም፤ በሥሩ ጫፍ ወርደው አጥንቱ ውስጥ መግል ይሠራሉ፤ ለሳምንታት፣ ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት ድምፃቸውን አጥፍተው።

የሚያሳዝነው፣ ለዚህ ጸጥታ ምስጋናውን የሚወስደው ሌላ መሆኑ ነው። ሰው መድኃኒት ፍለጋ የሚሮጠው ሕመሙ በባሰበት ሌሊት ማግስት ነው፤ ነርቩም የሚሞተው በዚያው ሰሞን ነው። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝቶ የዋጠ "አሞክሲሲሊኑ አዳነኝ" ይላል። ቅርንፉድ የነከሰም ቅርንፉዱን ያመሰግናል። (ቅርንፉድን አልንቀውም፤ ዘይቱ በእርግጥ ያደነዝዛል፤ እኛም ለጊዜያዊ ሙሌት ከምንጠቀምበት ነገር አንዱ የሚቀመመው ከእሱ ዘይት ነው። ቀዳዳውን ግን አይደፍንም።) ጭስ የታጠነም ጭሱን ያመሰግናል።

ስለ ጭሱ 3 ወረቀት ስላለ ልቁም። "የጥርስ ትል በእምቧይ ጭስ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንቺ ትል የለም ትያለሽ?" የሚል አለ። አባቴ፣ ያዩትን አልክድም። የእምቧይ ዘር ፍም ላይ ሲጣል እየፈነዳ ከውስጡ ትንሽ፣ ነጭ፣ ጥምዝ ያለች ነገር ትወጣለች፤ ትል ነው የምትመስለው። እሷ ግን የዘሩ ፅንስ ናት፣ ልትበቅል የነበረችው ቡቃያ። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ጥርሱን የሚያመው ሰው ሳይኖር ዘሩን ብቻውን ፍም ላይ ይጣለው፤ "ትሏ" ያኔም ትወጣለች።

ወደ አሞክሲሲሊኑ ልመለስ። መድኃኒት ወደ አካላችን የሚደርሰው በደም ነው። በሞተ ጥርስ ውስጥ ደም አይዞርም። ስለዚህ ኪኒኑ ዙሪያውን ያለውን እብጠት ሊያበርድ ይችላል፤ ጥርሱ ውስጥ ያለውን የጀርም ጎሬ ግን አያገኘውም። ግማሹን ውጦ ግማሹን ለጎረቤት ማቀበል ደግሞ ጀርሙን መድኃኒቱን ማለማመድ ነው።

አንድ ሹፌር ትዝ ይለኛል። ጉንጩን በነጠላ አስሮ፣ ምራቁን መዋጥ ስላቃተው በፎጣ እየጠረገ መጣ። አፍህን ክፈት ስለው ሁለት ጣት የማያስገባ ብቻ ከፈተ። ከአገጩ ሥር እስከ አንገቱ አብጦ እንደ እንጨት ጠጥሯል። መቼ ጀመረህ? ስለው በጣቱ እያሳየ፣ "ከገና በፊት አሞኝ ነበር፤ ከዚያ ተወኝ" አለ። የመጣው ለፋሲካ ሰሞን ነው። ወንበሬ ላይ አላስቀመጥኩትም፤ አምቡላንስ ጠርቼ ሆስፒታል ላክሁት። እንዲህ ያለው እብጠት የአየር ቧንቧን ይዘጋል። ዛሬ ደኅና ነው፤ ግን ለጥቂት ነው። ስለዚህ ከመንጋጋ ሥር ወይም አንገት ላይ እብጠት፣ ትኩሳት፣ አፍ ለመክፈት ወይም ለመዋጥ መቸገር፣ የትንፋሽ ማጠር ያየ ሰው ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። የጥርስ ክሊኒክ እስኪከፈት አይጠብቅ።

ለ9ኙ ሰዎች መልሴ ይኸው ነው፦ ትቶኛል ያላችሁት ጥርስ በዚህ ሳምንት ይታይ። ራጅ ይነሳል። ሊድን የሚችል ከሆነ የሥሩ ሕክምና፣ ብዙዎቻችሁ ሩት ካናል የምትሉት፣ ይሠራለታል፤ የሞተው ወይም የታመመው ነርቭ ይወጣል፣ ቦታው ይጸዳል፣ ይሞላል። "ነርቭ ገደሉብኝ" የሚል ሰው አለ፤ እኛ ስንደርስ ብዙ ጊዜ ቀብር ብቻ ነው የቀረው። የመንጋጋ ጥርስ ከሆነ፣ በኋላ እንዳይሰነጠቅ ክዳን ይደረግለታል። ወጪው ከማስነቀል ይበልጣል፣ አልዋሻችሁም። አቅም ከሌለ ማስነቀልም ሕክምና ነው፤ አጥንት ውስጥ መግል ይዞ ከመዞር ይሻላል።

ማስነቀል ካልን፣ "የላይኛውን ጥርስ ማስነቀል ዓይን ያጠፋል?" የሚል አለ። አያጠፋም። የጥርሱ ነርቭና የማያው ነርቭ የተለያዩ ናቸው። ወሬው የመጣው ይመስለኛል፣ የላይኛው ክራንቻ ሲመግል ዓይን ሥር ያብጣል፤ ሰው ሲነቀል ያየውና መንቀሉን ይከሳል። ከተነቀለ በኋላ ጎዙን፣ ቁስሉ ላይ የምናደርግላችሁን ንጹሕ ጨርቅ፣ ነክሳችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። በዚያ ቀን አትጉመጥመጡ፣ አትትፉ፣ አታጭሱ፤ ቁስሉን የሚጠብቀው የረጋው ደም ነውና። ጨው በለብ ያለ ውሃ ከማግስቱ ጀምሮ። አረቄ አይነካም። ሕመሙ መብረድ ሲገባው በ3ኛው ቀን ከባሰ የረጋው ደም ወልቆ ሊሆን ይችላል፤ ተመለሱ።

"ጥርስ ማሳጠብ ያላላል ይባላል።" ይህን የምሰማው በየቀኑ ነው። ድድ ሥር የጠጠረው ቆሻሻ ለዓመታት አጥንቱን ሲያስበላው ኖሯል። የበሰበሰ የአጥር እንጨት በጭቃ ተለስኖ ቆሞ ሳለ ጭቃውን ብታነሱት እንጨቱ ይነቃነቃል፤ ያበሰበሰው ግን ጭቃ አንሺው አይደለም። ድዳችሁ ሲቦረሽ የሚደማ ከሆነ፣ በተለይ ስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ አትዘግዩ፤ የድድ ሕመም ስኳሩን ያስቸግራል፣ ስኳሩም ድዱን።

እናቶች "በእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥርስ ይሄዳል" ትላላችሁ። ጽንሱ ካልሲየም ከጥርስ አይወስድም። በእርግዝና ድድ ቶሎ ይቆጣል፣ ይደማል፤ ማስመለስ ካለ የሆድ አሲድ ጥርሱን ይበላዋል። ካስመለሳችሁ በኋላ በውሃ ተጉመጥመጡ እንጂ ወዲያው አትቦርሹ። ነፍሰ ጡር መታከም ትችላለች፤ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ያለው ጊዜ ይመቻል፣ ከታመመች ግን ወር አይጠበቅም። ነፍሰ ጡር መሆናችሁን ግን ንገሩን።

አሁን ስለ ሕፃናት። ተቅማጥና ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ድዱ ላይ ነጭ ያበጠ ነገር ታየ ብለው የሚያስነቅሉ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። ያ ያበጠው ገና ያልወጣው የክራንቻ ጥርሱ ነው። በመርፌ፣ በምስማር፣ በጥፍር ይፈለፈላል። ሕፃኑ ይደማል፣ ይመረዛል፤ ከተረፈም ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስ ተበላሽቶ ይወጣል ወይም ከነጭራሹ ይቀራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም ይህን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ቆጥሮታል። ተቅማጥ የያዘው ልጅ የሚያስፈልገው ኦ.አር.ኤስ.ና ጤና ጣቢያ ነው። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ካለ ይቅርታ፤ ባዶ ክራንቻ ያላቸው ልጆች ብዙ አይቻለሁ።

ሌላው፣ ልጁ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ አንድ ትልቅ መንጋጋ ይወጣል። ለእሱ ብሎ የሚወልቅ ጥርስ ስለሌለ ወላጅ አያውቀውም፤ የወተት ጥርስ መስሎት "ይወልቃል" ብሎ ይተወዋል። አይወልቅም። ዕድሜ ልኩን የሚያኝክበት ነው። ዛሬ ማታ ባትሪ አብርታችሁ እዩት።

ኳስ ሲጫወት ቋሚ የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ወልቆ ከወደቀ ደግሞ አትጣሉት። አክሊሉን፣ ማለትም አፍ ውስጥ የሚታየውን ክፍል፣ ይዛችሁ፣ ሥሩን ሳትፈትጉ፣ ቀዝቃዛ ወተት ውስጥ ከታችሁ ሩጡ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቢመለስ ብዙ ተስፋ አለው። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን ወደ ቦታው አይመለስም።

አንዲት ልጅ እንዲህ ጽፋለች፦ "ያደግሁት ወንጂ ነው። ጥርሴ ቡኒ ስለሆነ ሰው አትቦርሽም ይለኛል።" የኔ እህት፣ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በዝዋይ አካባቢ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ብዙ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የፈቀደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ እዚያ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። ልጅ እስከ 8 ዓመቱ ገደማ ጥርሱ ድድ ውስጥ ሲሠራ ያን ውሃ ከጠጣ ቀለሙ ከውስጥ ነው የሚገባው፤ በብሩሽ አይለቅም። ውሃውን ማፍላትም አይረዳም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይቀራልና እንዲያውም ይበረታል። ለአንቺ መልኩን የሚያስተካክል ሕክምና አለ፤ ነይ እንነጋገር።

ይህን የሰማ ሰው ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና እንዳይጥል። መጠኑ ነው ልዩነቱ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን ሳሙና ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። ከ3 ዓመት በታች ለሆነ የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከዚያ በላይ የአተር ፍሬ ታህል። ጠዋትና ማታ፤ ከሁለቱ አንዱን እዘላለሁ ካላችሁ የማታው እንዳይሆን። መፋቂያ የምትወዱ ቀጥሉበት፤ ግን የውስጥ በኩልና የኋላ መንጋጋ ላይ ብዙም አይደርስም፣ ፍሎራይዱም የለውም። ለቁርባን ጠዋት አፋችሁን የማታስነኩ፣ የዋዜማው ምሽት ላይ በደንብ ቦርሹ።

የመጨረሻዋ ወረቀት የሕፃን ጽሑፍ ናት፤ በእርሳስ፦ "አያቴ ማታ ጥርሷን ብርጭቆ ውስጥ የምትከተው ለምንድን ነው?" አያትህ ትክክል ናት፣ ማሙሽ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ማታ ወልቆ፣ ታጥቦ፣ ውሃ ውስጥ ያድራል፤ ድዱም ያርፋል። ከደረቀ ቅርፁ ሊበላሽ ይችላል። ፈልቶ የወጣ ውሃ ብቻ እንዳይሆን፤ ይጣመማል። ብርጭቆውን ደግሞ አንተ እንዳትጠጣው።

ባትሪና መስታወት ይዤ መጥቻለሁ። ቡናው እስኪፈላ እዚያ ጥግ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ እነዚያ 9 ሰዎች ቀድመው ይምጡ።