ድልድዩን ስትሻገሩ ሕጉም ይለወጣል፦ የሠራተኛ መብት በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ

[ስክሪን፦ የፖቶማክ ወንዝ ካርታ። ሦስት ነጥብ ይበራል፦ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)፣ ዲሲ፣ አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ)]

ተራኪ፦ አንድ ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። ቀን ዲሲ ሆቴል ያጸዳል፣ ማታ አሌክሳንድሪያ ምግብ ቤት ያስተናግዳል። ለዚህ ሰው የሚሠራው የየትኛው ስቴት ሕግ ነው? ብዙ ሰው “የምኖርበት” ይላል፤ አይደለም። ሕጉ የሚከተለው ሥራው የሚሠራበትን ቦታ ነው። ለቀኑ የዲሲ፣ ለማታው የቨርጂኒያ። የኩባንያው ዋና ቢሮ የትም ይሁን። ዲሲ ስቴት ባይሆንም የራሱ የሠራተኛ ሕግ አለው፤ እንዲያውም ከሦስቱ ጠንካራው እሱ ነው።

ከሁሉም ሥር የፌዴራሉ የ1938 ሕግ አለ። በዚህ ሕግ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ሲሆን፣ ከሐምሌ 2009 ወዲህ አልተነካም (የምንጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስቴት ከዚህ በላይ መጨመር ይችላል፣ መቀነስ ግን አይችልም። ሁለት ሕግ ሲገጣጠም ለሠራተኛው የሚሻለው ይሠራል።

[ስክሪን፦ 2025 — ዲሲ 17.95 ከሐምሌ ጀምሮ | ሜሪላንድ 15.00 | ቨርጂኒያ 12.41]

በ2025 በዲሲና በቨርጂኒያ መካከል የነበረው ልዩነት በሰዓት 5 ዶላር ከ54 ነበር፤ በ40 ሰዓት ሳምንት 221 ዶላር ከ60። ሜሪላንድ ውስጥም ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከስቴቱ ከፍ ያለ የራሱ ክፍያ አለው። ቁጥሮቹ ይለወጣሉ፤ ዲሲ በየሐምሌው፣ ቨርጂኒያ በየጥሩ። ስለዚህ የመሥሪያ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ዓመቱን እያያችሁ አንብቡ። ያረጀ ፖስተር የሰቀለ ማናጀር የደመወዝ ጭማሪውንም ረስቶት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ቲፕ፣ ደንበኛ ለአስተናጋጅ ወደሚሰጠው ጉርሻ። ገንዘብ በብዛት የሚጠፋው እዚህ ነው።

አሠሪ ለአስተናጋጅ ከዝቅተኛው ክፍያ በታች እንዲከፍል የተፈቀደለት ቲፑ ልዩነቱን ይሞላል ተብሎ ነው። ቨርጂኒያ የፌዴራሉን ይከተላል፦ በሰዓት 2 ዶላር ከ13። ሜሪላንድ 3 ከ63። ዲሲ በ2025 10 ዶላር ነበር። ቲፑ ካልሞላውስ? አሠሪው ከኪሱ ይሞላል።

[ስክሪን፦ ስሌቱ መስመር በመስመር ይጻፋል]

በ2025ቱ ክፍያ ቨርጂኒያ ውስጥ 35 ሰዓት ሠርታችሁ ሳምንቱ ቀዝቅዞ ቲፑ 300 ዶላር ብቻ ሆነ እንበል። 35 በ2.13 ሲባዛ 74.55። ከቲፑ ጋር 374.55። መድረስ የነበረበት ግን 35 በ12.41፣ ማለትም 434.35 ነው። 59 ዶላር ከ80 ይቀራችኋል፤ ጥሩ የነበረው ያለፈው ሳምንት ቲፕ ይህን አይሸፍንም። ሒሳቡ በየሳምንቱ ለብቻው ነው።

ማናጀርና ባለቤት ከእናንተ ቲፕ መካፈል አይፈቀድላቸውም፣ “እኔም ጠረጴዛ አነሣለሁ” ቢሉም። ደንበኛ ሳይከፍል ቢወጣ ወይም ብርጭቆ ቢሰበር፣ በቲፕ ክፍያ ከሚሠራ አስተናጋጅ መቁረጥ ሕገ ወጥ ነው፤ የተቆረጠው ከዝቅተኛው በታች ያወርደዋልና። “እዚህ ቤት ልማዱ እንዲህ ነው” የሚባለውን አትቀበሉ።

[ስክሪን፦ ሁለት ቼክ፣ አንድ ኩባንያ]

ኦቨርታይም። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሚሠራ እያንዳንዱ ሰዓት አንድ ተኩል ክፍያ። ሁለት ዓይነት ማምታቻ ይታያል። አንደኛው በሁለት ሳምንት ማካፈል ነው፦ አንዱን ሳምንት 48፣ ሌላውን 32 ሠርታችሁ “ድምሩ 80 ነው፣ ኦቨርታይም የለም” ይባላል። አለ፤ 8 ሰዓት። ሁለተኛው በሁለት ሕንፃ መክፈል ነው። የአንድ ኩባንያ አንዱ ሆቴል 26፣ ሌላው 22 ሰዓት ብትሠሩ፣ ሁለት ቼክ ቢሰጣችሁም ሰዓቱ ይደመራል። በሰዓት 18 ዶላር ከሆነ 40 በ18፣ ሲደመር 8 በ27፣ 936 ዶላር ነው። 864 ከተከፈላችሁ 72 ዶላር ተበልቷል። በዚያው ቀን ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው የምትሄዱበት ጊዜም የሥራ ሰዓት ነው።

ብዙዎችን የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው፦ የፌዴራል ሕግ ለአዋቂ ሠራተኛ የምሳ ዕረፍት አያስገድድም። ነገር ግን 30 ደቂቃ ከተቆረጠባችሁ በዚያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከሥራ ነፃ መሆን አለባችሁ። እየበላችሁ ስልክ ካነሣችሁ ይከፈላል።

የሕመም ፈቃድ ላይ ልዩነቱ በጣም ይሰፋል። ሜሪላንድ ውስጥ በየ30 ሰዓቱ 1 ሰዓት ይጠራቀማል፣ በዓመት እስከ 40፤ 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው አሠሪ ይከፍላል፣ ያነሰ ያለው ያለ ክፍያ ይፈቅዳል። በመጀመሪያዎቹ 106 ቀናት ግን መጠቀም ሊከለከል ይችላል። ዲሲ በአሠሪው ትልቅነት ይለያያል፦ 100 ሠራተኛና በላይ ላለው በየ37 ሰዓቱ 1፣ ለትንሹ በየ87 ሰዓቱ 1። ቨርጂኒያ በ2025 ግዴታውን የጣለው በሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የመንግሥት የጤና መድን) በኩል ለሚሠሩ የተወሰኑ የቤት ውስጥ ተንከባካቢዎች ነበር።

[ስክሪን፦ ክፍት ማስታወሻ ደብተር — ቀን፣ የገባሁበት፣ የወጣሁበት፣ ዕረፍት፣ አድራሻ]

ገንዘብ ከተያዘባችሁ መጀመሪያ ማስረጃ። በየቀኑ አምስት ነገር ጻፉ፦ ቀን፣ የገባችሁበት፣ የወጣችሁበት፣ ዕረፍት፣ የሠራችሁበት አድራሻ። የሰዓት መዝገብ መያዝ የአሠሪው ግዴታ ስለሆነ፣ እሱ ከሌለው የእናንተ ደብተር ክብደት ያገኛል። የሺፍት ሠሌዳውን በስልክ አንሡት፤ ከሥራ ስትወጡ የኩባንያው አፕ ይዘጋባችኋል።

ቀጥሎ ቦታውን ለዩ። ዲሲ ከሆነ የከተማው የሥራ ስምሪት መሥሪያ ቤት፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከሆነ የየስቴቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት። ዲሲ ውስጥ በ2004ቱ የቋንቋ ሕግ መሠረት አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ አማርኛም ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። የፌዴራሉ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ስልክ 1-866-487-9243 ነው። ለሠራችሁት ሰዓት ክፍያ ለመጠየቅ የመኖሪያ ወረቀት ግዴታ አይደለም። ቅሬታ ስላቀረባችሁ ማባረር ደግሞ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

ጊዜ ግን አይጠብቅም። በፌዴራል ሕግ ለመክሰስ 2 ዓመት አላችሁ፤ አሠሪው ሆን ብሎ ከሆነ 3። በሦስቱም ቦታ የአካባቢው ሕግ 3 ዓመት ይሰጣል። ጊዜው የሚቆጠረው በየቼኩ ነው፤ ስለዚህ በዘገያችሁ ቁጥር አሮጌዎቹ ቼኮች ከኋላ ይወድቃሉ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ለፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ቅሬታ ማስገባት የፍርድ ቤቱን ጊዜ አያቆምም። ምርመራው ዓመት ቢፈጅ ያ ዓመት ከእናንተ ላይ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ገንዘቡ በርከት ያለ ከሆነ ቅሬታውን ባስገባችሁበት ሳምንት ጠበቃም አነጋግሩ።