ገፈርሳ ያረፈችው፣ አቃቂ የተሠራችው

ሄኖክ፦ ጤና ይስጥልን። ዛሬ የከባድ መኪና ጡሩምባ ከሰማችሁ አትገረሙ። የምንቀዳው አቃቂ ነው፣ መንገድ ዳር። ማህሌት ናት "የድሮ አውሮፕላን ወሬ ከሆነ አቃቂ እንሂድ" ብላ ያመጣችኝ።

ማህሌት፦ አዎ። ሰው ስለ አውሮፕላን ሲያወራ ወይ ቦሌ ይላል ወይ ቢሾፍቱ። ነገሩ የተጀመረው ግን አዲስ አበባ ዳር ዳር ነው። መጀመሪያ ገፈርሳ፣ ከዚያ አቃቂ።

ሄኖክ፦ ገፈርሳ ሲባል ለኔ ቡራዩን አልፈን የምናየው ግድብ ነው።

ማህሌት፦ ያኔ ግድቡም የለም፣ ሜዳ ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 እያበረረ መጥቶ እዚያ አረፈ። የኢትዮጵያ መንግሥት የመጀመሪያዋ አውሮፕላን እሷ ናት። ነሐሴ እኮ ነው!

ሄኖክ፦ ጭቃው!

ማህሌት፦ ጭቃው፣ ጉሙ። ድርብ ክንፍ ያላት፣ ጣሪያ የሌላት አውሮፕላን ናት። አብራሪው ንፋስና ዝናብ ፊቱን እየገረፈው፣ ሜዳውን በዓይኑ ፈልጎ ነው የሚወርደው። እኔ ከሱፐርሶኒኩ ሁሉ ይቺን ማየት ነበር የምመርጠው።

ሄኖክ፦ ብዙም ሳይቆይ ጀርመን ሠራሿ ዩንከርስ ተከተለች። ከዚያ ደግሞ የምወደው ታሪክ አለ፣ የሁበርት ጁሊያን።

ማህሌት፦ ኧረ በናትህ፣ እሱን ተወው!

ሄኖክ፦ አልተውም! አብራሪ ነው፣ ትውልዱ ትሪኒዳድ፤ ከኒው ዮርክ ሃርለም "ጥቁር ንስር" ተብሎ መጣ። 1923፣ የዘውድ በዓሉ ሊደርስ ሲል ጂፕሲ ሞዝ የምትባለውን የንጉሠ ነገሥቱን አውሮፕላን አስነሥቶ ባሕር ዛፍ ላይ ሰካት።

ማህሌት፦ እሱንም ከአገር አስወጡት። የሚያናድደኝ ምን መሰለህ? ጁሊያንን ሁሉም ያውቀዋል። ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ግን ሲነሡ የምሰማው ከስንት አንዴ ነው።

ሄኖክ፦ ይሁን፣ ተቀበልኩ። ጦርነቱ ሲመጣስ እጃችን ላይ ምን ነበር?

ማህሌት፦ ከአንድ ደርዘን ብዙም የማይበልጥ አውሮፕላን። አብዛኛው ለውጊያ የማይሆን። ጣሊያን በመቶዎች ነው ያሰለፈው። ስለዚህ የኛዎቹ መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው አመላለሱ። ከቺካጎ የመጣው አብራሪ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን መስከረም 1928 አድዋ በቦምብ ስትደበደብ እዚያው ነበር። ያለ መሣሪያ መብረር ማለት ጠላት ሲመጣ ደመና ውስጥ መደበቅ ማለት ነው፣ ሌላ አማራጭ የለህም።

ሄኖክ፦ ሮቢንሰን ከነፃነት በኋላ ተመልሶ መጥቷል። 1946 በአውሮፕላን አደጋ እዚሁ አዲስ አበባ ሞተ። መቃብሩ ጉለሌ ነው።

ማህሌት፦ አቃቂ ሜዳ ላይ ደግሞ፣ ጦርነቱ እየነደደ፣ ሉድቪግ ቬበር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ታኅሣሥ 1928 በረረች። በልዕልት ፀሐይ ስም "ፀሐይ" ተባለች። ሁለት ሰው ትይዛለች፣ ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ነው።

ሄኖክ፦ የአንድ ኮሮላ ያህል ማለት ነው እኮ!

ማህሌት፦ እሱም ሙሉውን አታገኘውም። እዚህ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ስስ ነው። አየር ገፍቶ የሚያስገባለት መሣሪያ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ክንፉም ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ረጅም ርቀት መንደርደር አለብህ። እንዲህ ያለ ለጥ ያለ ሜዳ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሄኖክ፦ ከዚያ ጣሊያን ይዟት ሄደ። ሮም አጠገብ ቪኛ ዲ ቫሌ ያለው የአየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ ስንት ዘመን ኖራ ጥር 2016 ተመለሰች።

ማህሌት፦ ያን ቀን ስልኬ በፎቶ ተጥለቀለቀ። ስለ አውሮፕላን አንድ ቀን አውርተው የማያውቁ ዘመዶቼ ሁሉ ይልኩልኛል።

ሄኖክ፦ እኔ ቢሾፍቱ ስላደግሁ ልቤ ጄት ላይ ነው። አባቴ የአየር ኃይል ቴክኒሽያን ነበር። ማታ ሲገባ ቱታው ላምባ ላምባ ይሸታል። ኪሱ ውስጥ ቁራጭ ሽቦ አይጠፋም፣ ብሎን እንዳይፈታ የሚጠመዘዘው ቀጭኑ ሽቦ። እኔና ወንድሜ እየሰረቅን መኪና እንሠራበት ነበር። አንድ ቀን ደረሰብን። አልመታንም። ብቻ "ይሄ በትክክል ካልታሰረ ሰው ይሞታል" አለን። ከዚያ ወዲህ አልነካነውም።

ማህሌት፦ በየትኛው አውሮፕላን ላይ ነበር የሚሠራው?

ሄኖክ፦ እኛ ልጆች ሳለን ሚግ ነው፤ 21ን ከ23 በድምፁ እንለይ ነበር። የሱ ፍቅር ግን አሜሪካ ሠራሹ ኤፍ 5 ነው። ኦጋዴን ላይ፣ 1969፣ የኛ ጥቂት ኤፍ 5ዎች የሶማሊያን ሚጎች ከሰማዩ ያስለቀቁበትን ጊዜ ሲያወራ አይደክመውም። አብራሪው ለገሰ ተፈራ ጋ ሲደርስ ግን ድምፁ ይቀየራል። ሚጎች ጥሎ፣ እሱም ተመትቶ፣ ሶማሊያ 11 ዓመት ታሰረ።

ማህሌት፦ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንም የሞተው ያኔ ነው። በ1928 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበረረው ስዊድናዊ፣ ኋላ ቢሾፍቱ ላይ አየር ኃይሉን ያደራጀው። ሐምሌ 1969 ጎዴ ላይ ተገደለ።

ሄኖክ፦ ጥር 2017 የቢሾፍቱ የአየር ትርኢት ላይ ሱኮይ የተባለው ተዋጊ ጄት ሲያገሳ ደረቴ ተንቀጠቀጠ። አንቺ ግን ፊትሽን አጨማደድሽ!

ማህሌት፦ ጆሮዬን ነዋ! አንድ ሳፊር ጎኑ ቢበር ምን ነበረበት? ያ የስዊድን ማሠልጠኛ እኮ ስንት አብራሪ አውጥቷል።

ሄኖክ፦ መለዋወጫውን ማን ያመጣል? አባቴን ጠይቂው። አሮጌ አውሮፕላን ማቆም ቀላል ነው፣ ማብረር ግን ሌላ ነው።

ማህሌት፦ በሚቀጥለው አምጣውና ልጠይቀው። ጡረታ የወጡ ቴክኒሽያኖች የምታውቁ አድማጮችም ጻፉልን።

ሄኖክ፦ አባቴ ይመጣል። ብቻ ፊቱ ሚግን ከኤፍ 5 አስበልጠሽ እንዳታሞግሺ። ቡናውን ትቶ ነው የሚነሣው።