ከስዊድን ፊት የቆሙት ልጆች
(በዙሪክ በገና ዋዜማ ለወላጆችና ለወጣቶች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ስልካችሁን ጠረጴዛ ሥር ደብቃችሁ ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆችም ጭምር፤ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። በዓሉ የእናንተ ባይሆንም አብራችሁን ላመሻችሁ ሙስሊም ወገኖቻችን ልዩ ምስጋና አለን።

አዘጋጆቹ ስለ ስፖርትና ስለ ልጆቻችን ንግግር አድርግ ሲሉኝ ስለ ሩጫ የማወራ መስሏቸው ነበር። ስለ ኃይሌና ስለ ቀነኒሳ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ ሞልቷል። እኔ የመጣሁት ስለ በረዶ ሆኪ ላወራ ነው። የምንኖረው ስዊዘርላንድ ነው፤ ልጆቻችን ሰኞ ጠዋት ክፍል ሲገቡ ጓደኞቻቸው የሚያወሩት ይህንኑ ነው። እኛ ወላጆች ግን ቴሌቪዥን ላይ ሲመጣ ጣቢያ እንቀይራለን።

ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ጨዋታው ገና ነው። አያቶቻችን በልደት ቀን ሜዳ ወጥተው በቆልማማ ዱላ እሩር ሲያሳድዱ የኖሩትን ጨዋታ በረዶ ላይ አድርጉት። በባዶ እግር ፋንታ ስለት ያለው ጫማ፣ በእሩር ፋንታ ፓክ የሚሏት ከ160 ግራም ብዙ የማትበልጥ ጠፍጣፋ ጎማ ታገኛላችሁ። ከየቡድኑ ስድስት ሰው ይገባል፣ አንዱ ግብ ጠባቂ ነው። ሃያ ሃያ ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይጫወታሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ብቻ እዚህ አይሠራም፤ የተቆጣ ሰው ሁለት ደቂቃ ቅጣት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ቡድኑም በአንድ ሰው ጎድሎ ይቆያል።

የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና፣ ከ20 ዓመት በታች ያሉት ማለቴ ነው፣ በየዓመቱ ከፈረንጆቹ ገና ማግስት ተነሥቶ የእኛ ገና ሊገባ ሲል ያልቃል። አሥር አገሮች በሁለት ምድብ ይጫወታሉ። ከየምድቡ አራት አራት ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ ጥሎ ማለፍ ነው፤ የተሸነፈ ሻንጣውን ያዘጋጃል። ወርቁን በአብዛኛው ሲቀባበሉት የኖሩት ካናዳ፣ ሩሲያ፣ አሜሪካ፣ ፊንላንድና ስዊድን ናቸው። ስዊዘርላንድ በዚህ ውድድር ያገኘችው ሜዳሊያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በ1998 የተገኘ ነሐስ። ዓመቱንና ቀኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምናገረው፣ እንዳታደናግሩብኝ።

ነገሩን የምጀምረው ከሽንፈት ነው። ጃንዋሪ 2 ቀን 2018፣ አሜሪካ ውስጥ ቡፋሎ ከተማ፣ ስዊዘርላንድ በሩብ ፍጻሜ ከካናዳ ጋር ተደለደለች። ከጨዋታው በፊት የስዊዘርላንዱ አሰልጣኝ ክርስቲያን ቮልቬንድ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ አሰልጣኝ የማይናገረውን ተናገረ። ካናዳን የምናሸንፍበት ዕድል የለም፣ በእነሱና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት በጣም ሰፊ ነው አለ። እኛ አገር ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ሥራ ፈላጊ ይሆን ነበር። ካናዳም 8 ለ 2 አሸነፈች።

ሰውዬው የተናገረው ግን ሒሳብ ነው። ካናዳ ውስጥ ተመዝግቦ ሆኪ የሚጫወተው ሰው ከግማሽ ሚሊዮን ይበልጣል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ሠላሳ ሺህ ቢሞላ ነው። ስዊድን እንኳ የስዊዘርላንድን እጥፍ ትበልጣለች። ትልቅ አገር ኮከቡ ሲቀርበት ሌላ ኮከብ ያመጣል፤ ትንሽ አገር ኮከቡ ከቀረበት ቀረበት ነው። ስዊዘርላንድ በ2017 በሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ፣ በኤን.ኤች.ኤል.፣ ክለቦቹ ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት ምልመላ የመጀመሪያውን ተመራጭ፣ ኒኮ ሂሺየርን አፈራች። በማግስቱ ዓመት የመጀመሪያው ተመራጭ ስዊድናዊው ራስሙስ ዳህሊን ሆነ። በ2019 ውድድር ሁለቱም አልነበሩም፤ ትልልቆቹ ክለቦች ወስደዋቸው ነበር። ስዊድን በዳህሊን ፋንታ ተከላካይ ስትፈልግ ኤሪክ ብራንስትሮምን፣ አዳም ቦክቪስትንና ራስሙስ ሳንዲንን አሰለፈች፤ ሦስቱም በኤን.ኤች.ኤል. ምልመላ በመጀመሪያው ዙር የተመረጡ ናቸው። በሂሺየር ፋንታ የሚሰለፍ ሂሺየር ግን ስዊዘርላንድ አልነበራትም።

እንግዲህ ያው አሰልጣኝ በዓመቱ ልጆቹን ይዞ ካናዳ ገባ። ምድባቸው ቫንኩቨር ነበር። በቼክ 2 ለ 1 ተሸነፉ። በካናዳ 3 ለ 2 ተሸነፉ፤ ይህቺን 3 ለ 2 ልብ በሉልኝ፣ ዓመት ሳይሞላ 8 ለ 2 የነበረች ናት። በሩሲያ 7 ለ 4 ተሸነፉ። ያሸነፉት ዴንማርክን ብቻ ነው፣ 4 ለ 0። አንድ ድል ይዘው በምድቡ አራተኛ ሆነው አለፉ፤ በሩ ሲዘጋ እግራቸውን አስገቡ ማለት ይቻላል። አራተኛ የወጣ ደግሞ የሚገጥመው የሌላውን ምድብ አንደኛ ነው። አንደኛዋ ስዊድን ነበረች።

ስዊድን በዚህ ውድድር የምድብ ጨዋታ ላይ ምን እንደነበረች ልንገራችሁ። ከ2008 እስከ 2019 በአሥራ ሁለት ውድድሮች 48 የምድብ ጨዋታ ተጫውታ 48ቱንም አሸንፋለች። አንድ አልወደቀችም። በእነዚያው አሥራ ሁለት ውድድሮች ወርቅ ያነሣችው ስንት ጊዜ ነው? አንድ ጊዜ፣ በ2012። እኔ ይህንን ቁጥር ሳየው ከማንኛውም የአሰልጣኝ ንግግር በላይ ያስተምረኛል። በአራት ጨዋታ ማን እንደሚበልጥ ይታወቃል። በአንዲት ማታ ግን ሌላ ነገር ነው የሚፈተነው።

ጃንዋሪ 2 ቀን 2019፣ ቡፋሎ ላይ ከተሸነፉበት ቀን ልክ በዓመቱ፣ በቫንኩቨር ደሴት ላይ ባለችው ቪክቶሪያ ከተማ ጨዋታው ተጀመረ። በግቡ የቆመው ሉካ ሆለንስታይን ይባላል፣ የዙግ ክለብ ልጅ ነው፤ ዙግ ከዚህ በባቡር ግማሽ ሰዓት አትሞላም። ስዊድኖች መቱ፣ መለሰ። ደግመው መቱ፣ መለሰ። በስድሳ ደቂቃ ውስጥ 41 ጊዜ አዳነ። አካፍሉት፤ በየደቂቃ ተኩሉ አንድ ማለት ነው፣ ያውም አንዳንዶቹ በተከታታይ የመጡ። ያኒክ ብሩሽዋይለርና ናንዶ ኤገንበርገር አንዳንድ አገቡ። ስዊዘርላንድ 2፣ ስዊድን 0።

በማግስቱ ጋዜጦች ተአምር ብለው ጻፉ። የስፖርት ጋዜጠኛ ከዚህ በላይ ቢጽፍ ማታ አይተኛም መሰለኝ። እኔ ግን ልጆቹ ስለ ጎሉ ስፋት እንዲያስቡ እፈልጋለሁ። የእግር ኳስ ጎል ወርዱ 7.32 ሜትር፣ ቁመቱ 2.44 ነው። የሆኪው ወርዱ 1.83፣ ቁመቱ 1.22 ነው። አስሉት፤ በእግር ኳሱ ጎል ውስጥ ስምንት የሆኪ ጎል ይገባል። ከዚያች ጠባብ ጎል ፊት ትከሻው፣ እግሩና እጁ በወፍራም መከላከያ የተሸፈነ ሰው ቁሟል። ግብ ጠባቂው ፓኳን ማየት ከቻለ፣ መቺውም ከዳር ሆኖ ከመታ፣ ዕድሉ የግብ ጠባቂው ነው። ስለዚህ ደካማው ቡድን ሥራው ስዊድንን በሸርታቴ ችሎታ መብለጥ አይደለም፤ አይችልማ። ሥራው ከግቡ ፊት ያለችውን መሬት መዝጋት፣ የሚመታውን ሰው ወደ ዳር መግፋት፣ ግብ ጠባቂው የመለሳትን ፓክ ሌላ ሰው ደርሶ እንዳይመታት ማጽዳት ነው። ጎል እየጠፋ በሄደ ቁጥር ጨዋታው ያጥራል፤ ባጠረ ቁጥር ደግሞ አንዲት ስሕተት ትከብዳለች፣ ትልቁም ቡድን መቸኮል ይጀምራል።

እንዲህ ዓይነት ዕቅድ የሚያወጣ ግን እንደሚያንስ የተቀበለ ሰው ብቻ ነው። ለዚህ ነው ቮልቬንድ ቡፋሎ ላይ የተናገረውን ከቪክቶሪያው ድል ለይቼ የማላየው። «ከማንም አናንስም» ብሎ ልጆቹን ቢያስገባቸው ኖሮ ከስዊድን ጋር ሊሯሯጡ ይሞክሩ ነበር፤ በመጀመሪያው ሃያ ደቂቃም ያልቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ወላጆች ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ልጃችን ቅዳሜ ከከተማው ጠንካራ ቡድን ጋር ሲጋጠም ጫማውን እያሠርን «ከማንም አታንስም» እንለዋለን። ልጁ ዓይን አለው። ሜዳ ሲገባ ያኛው ልጅ እንደሚፈጥን ያያል። ያኔ ሁለት ነገር ያስባል፤ ወይ አባቴ ኳስ አያውቅም፣ ወይ አባቴ ይዋሸኛል። «ይፈጥንሃል፤ ስለዚህ የት ትቆማለህ?» ብንለውስ? ይህ ጥያቄ ልጁን ያሳንሰዋል ብላችሁ የምትሰጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ በተለይ ልጆቻችን በሌላ ምክንያት በየዕለቱ እንዲያንሱ በሚገፉበት አገር። ሥጋቱ ይገባኛል። ነገር ግን ፍጥነትህ አነሰ ማለት ሰው መሆንህ አነሰ ማለት እንዳልሆነ ልጁ መለየት ካለበት፣ ከእኛ ከወላጆቹ ቢሰማው ይሻላል። «ድር ቢያብር» የሚለውን ተረት ዛሬ አልተርትም፤ አንበሳውን ለማሰር ድሩ የት ቦታ እንደሚዘረጋ ተረቱ አይነግረንም።

የመጨረሻውን ደግሞ ልደብቃችሁ አልችልም። ከዚያ ማታ በኋላ ስዊዘርላንድ በግማሽ ፍጻሜ በፊንላንድ 6 ለ 1 ተሸነፈች፤ ፊንላንድም ሻምፒዮን ሆነች። በደረጃው ጨዋታ በሩሲያ 5 ለ 2 ተሸንፋ አራተኛ ወጣች፣ ያለ ሜዳሊያ። በ2010ም ታሪኩ ይኸው ነበር፤ የኩር ከተማ ልጅ ኒኖ ኒደራይተር ሳስካቱን ላይ በሩብ ፍጻሜ ሩሲያን በጭማሪ ሰዓት ጎል አሰናበታት፣ ከዚያ በግማሽ ፍጻሜ ካናዳ 6 ለ 1፣ ለነሐሱ ስዊድን 11 ለ 4። ትልቅ ቡድንን አንድ ማታ ማቆም ይቻላል። በአራት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ለማቆም ግን ከዕቅድ ሌላ ብዙ ተጫዋች፣ ብዙ ሜዳና ብዙ ዓመት ይጠይቃል። ስዊዘርላንድ ይህንን እየሠራችበት ነው፤ ዋናው ቡድኗ በ2013፣ በ2018፣ በ2024ና በ2025 ለዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ደርሶ አራቱንም ብር ይዞ ተመልሷል። ወርቁ ገና ነው።

ከእራት በኋላ የጨዋታውን ሦስተኛ ክፍል በግድግዳው ላይ እናሳያለን። ልጆች፣ ሁላችሁም ሆለንስታይንን እንደምታዩ አውቃለሁ፤ እሱን ተዉትና ከፊቱ ያሉትን አምስቱን ተመልከቱ። ፓኳ ከእነሱ ርቃ ሳለች የት እንደሚቆሙ እዩ። ቀጥሎ ስለ ጸደይ የእግር ኳስ ምዝገባ እህታችን ትነግራችኋለች፤ ቅጹ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። አመሰግናለሁ።