ከሰንጠረዥ እስከ ባንክ፦ ስለ «ቼክ» የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ዝግጅታችን ሊያበቃ ሲል፣ ከእንግሊዝኛ አጫጭር ቃላት መካከል ብዙ ሥራ ከሚሠሩት አንዱ «ቼክ» መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሼ አልፌ ነበር። በዚህ ሳምንት ስልኩ በዚሁ ቃል ተጨናነቀ። ከብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ካለው ስቱዲዮአችን በቀጥታ የመለስኋቸውን ጥያቄዎች፣ ሰዓቱ አጥሮ በጥድፊያ ያለፍኋቸውን ጭምር፣ እዚህ በጽሑፍ ሰፋ አድርጌ አቀርባለሁ።

ከሰንጋ ተራ የደወሉ የባንክ ሠራተኛ፦ «ቀኑን ሙሉ ቼክ እቀበላለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ደግሞ ‹ሂሳቤን ቼክ አድርጊልኝ› እባላለሁ። እነዚህ ሁለት ቃላት ናቸው ወይስ አንድ? አንድ ከሆኑስ የባንኩ ቼክ በእንግሊዝኛ አንዳንዴ ለምን በሌላ ፊደል ይጻፋል?»

አንድ ቃል ናቸው፤ የትውልድ ቦታቸውም ባንክ ሳይሆን የቼዝ ገበታ ነው። በፋርስ ቋንቋ «ሻህ» ማለት ንጉሥ ነው። ተጫዋቹ የባላጋራውን ንጉሥ የሚያሰጋ እርምጃ ሲወስድ «ሻህ!» ብሎ ያስጠነቅቃል። ጨዋታው በዐረቦች በኩል ወደ አውሮፓ ሲሻገር ቃሉም አብሮ ተሻገረ፤ በላቲንና በጥንታዊ ፈረንሳይኛ አፍ ሲለዋወጥ ቆይቶም እንግሊዞች ዘንድ «ቼክ» ሆኖ ደረሰ። እንግዲህ ንጉሡ የተሰጋበት ሰው ያሰበውን ሁሉ ትቶ መጀመሪያ ንጉሡን ማዳን ግድ ስለሚሆንበት፣ ቃሉ «ማስቆም፣ መግታት» የሚል ፍቺ ያዘ። ከመግታት ወደ መቆጣጠር፣ ከመቆጣጠር ደግሞ ወደ ማመሳከርና መመልከት መድረስ ሩቅ መንገድ አይደለም። እርስዎ መስኮት ላይ የሚሰሙት «ቼክ አድርጊልኝ» በዚህ መንገድ መጨረሻ ላይ የተገኘ ፍቺ ነው።

የባንኩ ቼክ ከመንገዱ መካከል ላይ የተገነጠለ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ቃሉ ይነገር የነበረው ስለ ገንዘብ ማዘዣው ሳይሆን በሰጪው እጅ ስለሚቀረው ጉርድ፣ ማለትም እኛ «ቀሪ» ስለምንለው ነበር፤ ቀሪው ማጭበርበርን የሚገታ መቆጣጠሪያ ነውና። ውሎ አድሮ ስሙ ወደ ማዘዣው ወረቀት ተዛወረ። የብሪታንያ ጽሕፈት የተለወጠው የንጉሡ ግምጃ ቤት ስም በሆነው «ኤክስቼከር» በሚለው ቃል ተጽዕኖ ሲሆን፣ አሜሪካኖች ግን የቀድሞውን አጻጻፍ ይዘው ቀርተዋል። ይህ «ኤክስቼከር» ራሱ የቼዝ ገበታ ማለት ነበር። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ ግብር ተቆጣጣሪዎች ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 5 ጫማ በሆነ ጠረጴዛ ላይ በመሥመር የተከፋፈለ ጨርቅ ዘርግተው፣ ጠጠር የመሰለ መቁጠሪያ ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው እያዛወሩ ሂሳብ ያወራርዱ ነበር። የዚያች አገር የገንዘብ ሚኒስትር ዛሬም «ቻንስለር ኦፍ ዘ ኤክስቼከር» መባሉ የዚያ ጨርቅ ትዝታ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ገንዘብ የሌለው ቼክ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ «ይነጥራል»፤ ለአዲስ አበባ ነጋዴ ግን «ደረቅ» ነው፤ የባንክና የሕግ ሰዎች ደግሞ «በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ» ይሉታል። ቼኩን እንደ መንገደኛ፣ በሂሳቡ ያለውን ገንዘብ እንደ ስንቅ ያየው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ እጅ በነሳሁት ነበር።

ከአራት ኪሎ የደወለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ «‹መንግሥት የዋጋ ንረትን ቼክ ለማድረግ እርምጃ ወሰደ› የሚል የእንግሊዝኛ ዜና ሰጥተውን ‹ለመመርመር› ብዬ ብተረጉመው መምህሬ ሰረዙብኝ። መዝገበ ቃላቴ ግን ‹መመርመር› ነው የሚለው።»

መምህርህ ልክ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ስህተቱ የአንተ ብቻ አይደለም። እኛ ቃሉን ስንዋስ የወሰድነው ሁለቱን ጫፍ፣ የባንኩን ወረቀትና ማመሳከርን ነው። መካከለኛው ፍቺ፣ መግታት፣ ወደ አማርኛ አልገባም። ስለዚህ ቃሉ በዚያ ፍቺ ሲመጣ ጆሮአችን የለመደውን ይሰማና ያታልለናል። ዜናው የሚለው የዋጋ ንረቱን ለመግታት እርምጃ መወሰዱን ነው። በዜና ላይ የሚደርሰው ጉዳት ቀላል ሊሆን ይችላል፤ በሕክምና ጽሑፍ ላይ ግን አይደለም። ሐኪሙ የቁስለኛውን ደም መፍሰስ «ቼክ አደረገ» ሲባል ደሙን አቆመው ማለት ሆኖ ሳለ፣ «ደሙን መረመረ» ብሎ የተረጎመ ሰው ቁስለኛውን እየደማ ትቶታል።

ለተማሪዎቼ የምነግራቸው መለያ ይህ ነው፦ ተሳቢውን ተመልከት። የሚስፋፋ፣ የሚንር፣ የሚፈስ ወይም የሚገነፍል ነገር ከሆነ፣ እሳት፣ ጎርፍ፣ ወረርሽኝ፣ ቁጣ፣ ፍቺው መግታት የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። ባለበት ቆሞ የሚታይ ነገር ከሆነ፣ በር፣ ጎማ፣ ደረሰኝ፣ ፍቺው ማረጋገጥ ነው። መለያው ሁልጊዜ አይሠራም። «ያልተቼከ» ሥልጣን ሲባል ያልተመረመረ ሳይሆን ልጓም የሌለው ማለት ሲሆን፣ «ያልተቼከ» የፈተና ወረቀት ግን ያልታየ ነው። በሕገ መንግሥት ትምህርት «ቼክስ ኤንድ ባላንስስ» የሚባለውም የመንግሥት አካላት አንዱ ሌላውን የሚገታበትንና የሚያመዛዝንበትን ሥርዓት የሚመለከት በመሆኑ፣ ከምርመራ ይልቅ ለልጓም ይቀርባል።

ከፒያሳ የደወሉ አባት፦ «ልጄ ቼክ ሪፐብሊክ የሚባለው አገር ስሙን ከዚህ ቃል አግኝቶ እንደሆነ ጠይቆኝ መልስ አጣሁለት።»

ዝምድና የላቸውም። አገሩ የሚጠራው በሕዝቡ ስም ነው። በእንግሊዝኛ የሁለቱ አጻጻፍ እጅግ የተለያየ ነው፤ አንድ ያደረጋቸው የእኛ ፊደል ነው።

ከካዛንቺስ የደወለች የሆቴል አስተናጋጅ፦ «አንድ እንግዳ በልቶ ሲጨርስ ‹ቼክ› አለኝ፤ ምግቡ ላይ አንድ ነገር አይቶ መስሎኝ ሳህኑን ለመመርመር ጎንበስ አልሁ።»

እንግዳሽ አሜሪካዊ ሳይሆን አልቀረም፤ ሂሳብ አምጪልኝ ማለቱ ነው። እንግሊዝ ቢሆን ኖሮ «ቢል» ይል ነበር። በዚሁ አጋጣሚ፣ አሜሪካዊ ቅጽ ሣጥኑን «ቼክ» አድርጉ ሲል ሣጥኑን መርምሩ ሳይሆን እኛ «ራይት» የምንለውን ምልክት አድርጉበት ማለቱ ነው። በሆቴላችሁ «ቼክ ኢን» እና «ቼክ አውት»፣ በሐኪም ቤት «ቼክ አፕ» የሚባሉት ለሁላችንም የታወቁ ስለሆኑ አልዘገይባቸውም።

ከለገሀር የደወሉ እናት፦ «አሜሪካ ያለችው የእህቴ ልጅ ለበዓል እንድትመጣ ብጋብዛት ‹ሬይን ቼክ› ብላ ጻፈችልኝ። ዝናብ ፈርታ ነው?»

አይደለም፣ እናቴ። ቃሉ የመጣው ከአሜሪካ የቤዝቦል ሜዳ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጨዋታው በዝናብ ሲቋረጥ ተመልካቹ በሌላ ቀን ተመልሶ እንዲገባ የሚያስችለው የትኬት ጉርድ በዚህ ስም ተጠራ። የእህትዎ ልጅ ግብዣውን አልናቀችም፤ «አሁን አይመቸኝምና ለሌላ ጊዜ ይቆይልኝ» ማለቷ ነው። ለአክስት ሲጻፍ ግን በአማርኛ ቢሆን ያምር ነበር።

ከአራት ኪሎ የደወሉ አዛውንት፦ «ቃሉ ከንጉሥ ጨዋታ የመጣ ከሆነ የእኛ ሰንጠረዥስ? አባቴ ይጫወቱት ነበር።»

ሰንጠረዥና ቼዝ የአንድ አያት ልጆች ናቸው። በሳንስክሪት «ቻቱራንጋ»፣ ባለ አራት ክፍል፣ የሚባለው የሕንድ ጨዋታ ዝሆንን፣ ፈረሰኛን፣ ሠረገላንና እግረኛን የያዘ ጦር የሚወክል ነበር። ስሙ በፋርስ በኩል አልፎ በዐረብኛ «ሻትራንጅ»፣ በእኛ ዘንድ «ሰንጠረዥ» ሆነ። የአባትዎ ጨዋታ አጀማመር ግን ከአውሮፓው የተለየ ነው፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ እጃቸው እንደቻለ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል። በጨዋታው ፍጻሜ ከሚሰማው «ሻህ ማት» ውስጥ «ማት»ን ከዐረብኛው «ማተ»፣ ስለዚህም ከእኛው «ሞተ» ጋር የሚያዛምዱ አሉ፤ ፋርሶች ግን ንጉሡ መላ አጣ ማለት ነው ይላሉ።

እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። እንግሊዞች የጨዋታውን ገበታ ስም ለግምጃ ቤት ሰጡት፤ እኛ ደግሞ ቁጥር ለሚደረደርበት ሠንጠረዥ፣ ስፖርት ጋዜጠኞቻችን በየሳምንቱ ለሚያነቡት የደረጃ ሰንጠረዥም ሳይቀር፣ አዋልነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ከአንድ ገበታ ተነሥተው ወደ ሂሳብ ደረሱ። በአንድ ነገር ብቻ ተለያዩ፦ እንግሊዝኛ ከአውሮፓው ገበታ ጥቁርና ነጭ ካሬዎች ተነሥቶ መስቀለኛ ጥለት ያለውን ሸሚዝም «ቼክ» ብሎ ሲጠራው፣ የአባትዎ ሰንጠረዥ ግን በአብዛኛው በጥቁር ወይም በሰማያዊ መሥመር የተከፋፈለ ቀይ ጨርቅ ስለነበረና ካሬዎቹ ሁሉ አንድ ቀለም ስለነበራቸው፣ ለሸሚዝ የሚሆን ስም ከእርሱ አልወጣም።