ከመቆሟ በፊት ምን ትሰሚ ነበር?

እሺ። ይቀዳል? ይቀዳል። እንዴት ሰነበታችሁ። ዶሮው ከተሰማችሁ ታውቁታላችሁ፣ የጎረቤት ነው። ለገና ይታረዳል ተብሏል። አምናም ተብሎ ነበር።

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር የተዘጋጀሁት። ስለ ጎንደር ፒያሳ የጣሊያን ጊዜ ሕንጻዎች ማስታወሻ ሁሉ ጽፌ ነበር። ይቆይ። ስለ እሜቴ ነው የማወራው። አዎ፣ አሁንም ስለ መኪና። «ይሄ ፖድካስት ነው ወይስ ጋራዥ» ብለሽ የምትጽፊልኝ ልጅ፣ ይቅርታ፣ ዛሬ ጋራዥ ነው።

ደግሞ እሜቴ አልተበላሸችም እኮ። ትነሳለች። ዛሬ ጠዋትም በአንዴ ነው የተነሳችው። ችግሬም እሱ ነው። ተበላሽታ ብትቆም ኖሮ አሠርቼ እገላገል ነበር።

የኅዳር ቁስቋም ዕለት ነው፣ ኅዳር 6። ወደ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣውን ዳገት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በዚያ ቀን በመኪና አይወጣም፣ ነጭ የለበሰ ሰው ነው መንገዱን የሚሞላው። እኛም ሁሌ በእግራችን ነው፣ እቴቴ እንደውም ቀድማኝ ደርሳ «ምን ትጎተቻለሽ» የምትል ሴት ናት። ዘንድሮ ማለዳ ደወለችና «በእሜቴ እንሂድ» አለች። እሺ አልኩ። ቤንዚን ነበረኝ፣ ያንን የቤንዚን ሰልፍ ክፍል የሰማችሁ ሰዎች ቤንዚን ያለው ሰው እንዴት እንደሚኮራ ትረዱኛላችሁ።

ዳገቱ መሃል ስንደርስ ሕዝቡ መንገዱን ዘጋው። ቆምኩ። ቤንዚን በከንቱ አይቃጠል ብዬ ሞተሩን አጠፋሁ። ሰዉ አለፍ ሲልልኝ ቁልፉን አዞርኩ።

ጭቅ።

አንድ ጭቅ ብቻ። ሞተሩ አልዞረም፣ አልተንተፋተፈም፣ ምንም። ደግሜ አዞርኩ፣ ያው ጭቅ።

እና ሴት ልጅ መሪ ላይ ሆና መኪና ሲቆም ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ጎንደር ውስጥ ያለ ወንድ ሁሉ መካኒክ ይሆናል። የመጀመሪያው «ቤንዚን አላት?» አለኝ። አለኝ ወንድሜ፣ አለኝ! ሌላው ካንዴላው ነው አለ። ሌላው ቤንዚን ጠጥታ ይሆናል፣ ኮፈኑን ክፈቺና ትናፈስ አለ። አንዱ ባትሪ ነው ብሎ ሊገፋ እጅጌውን ሰበሰበ። እቴቴ ደግሞ ውስጥ ተቀምጣ «በአርባ አራቱ ታቦት፣ ጠበል ይረጭባት» ትላለች።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር ያናድደኛል። መኪና አልነሳም ሲል መጀመሪያ መስማት ነው ያለባችሁ። ሞተሩ እየዞረ፣ ድር ድር እያለ ካልነሳ፣ ያኔ ስለ ቤንዚንና ስለ ካንዴላ አውሩ። እዚያ ጋ ወይ ነዳጅ አልደረሰም ወይ እሳት የለም። ጭራሽ ካልዞረ ግን ቤንዚኑ ምን አደረገ? ጭቅጭቅጭቅ እያለ በፍጥነት ከደጋገመ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ደክሟል ወይም የባትሪው ማሰሪያ ላልቷል፣ ያ ነጭ አረንጓዴ ዱቄት ይዞታል። አንድ ደህና ጭቅ ብቻ ብሎ ዝም ካለ ደግሞ ወደ ሞተሪኖው፣ ቁልፍ ስናዞር ሞተሩን ወደሚያዞረው፣ ማሰብ ይጀመራል። ይሄን እኔም ከእሜቴ ጋር ስኖር ነው የተማርኩት እንጂ የተወለድኩበት አይደለም።

ልጆቹ በግፊ እናስነሳት አሉ። በግፊማ ሞተሪኖም አያስፈልግም፣ ማኑዋል ናት፣ ቁልፉን ከፍቶ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ መንከባለል ስትጀምር ፍሪሲዮኑን፣ ክላቹን፣ መልቀቅ ነው። አውቶማቲክ ቪትዝ የምትነዱ ሰዎች ይሄን አትሞክሩት፣ ዝም ብላችሁ ላብ ታፈሳላችሁ። እሺ፣ ግን እሜቴ አፍንጫዋ ወደ ላይ ነው! ማን ነው ቶዮታ ዲኤክስን በዚያ ዳገት ሽቅብ የሚገፋ? አንዱ በኋላ ማርሽ ወደ ታች እናንከባላት አለ። ይሠራል፣ እውነቱን ነው፣ በኋላ ማርሽም ትነሳለች። ከኋላዬ ግን ባጃጅ አለ፣ ከባጃጁ ኋላ ሙሉ ጎንደር አለ።

በዚህ መሃል ነው ሽማግሌው የመጡት። ጋቢ ለብሰዋል፣ ከዘራ ይዘዋል፣ ከቅዳሴ ሲወርዱ ይመስለኛል። የድሮ ሹፌር ናቸው አለ አንዱ፣ እኔ አላረጋገጥኩም። ማንንም አልገፉም፣ ሰዉ ራሱ መንገድ ለቀቀላቸው።

«ልጄ፣ የፊት መብራቱን አብሪው» አሉኝ። አበራሁ። «እናንተ ዝም በሉ እስቲ» አሉ። እና ሰው ዝም አለ። በዓል ቀን፣ ቁስቋም መንገድ ላይ፣ ሰው ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ከላይ የከበሮው ድምፅ ብቻ ነው የሚመጣው። «አሁን አዙሪ።» አዞርኩ። ጭቅ። ፊት ለፊት የቆመውን ልጅ «መብራቱ ደከመ?» አሉት። «አልደከመም አባባ።» «እንግዲያስ ባትሪዋን ተዋት።»

ይሄን ስሰማ ልስማቸው ነበር። ባትሪው ቢደክም ኖሮ ቁልፉን ሳዞር መብራቱም ይጠፋፋ ነበር። መብራቱ ደህና ሆኖ ሞተሪኖው ካልዞረ፣ ጉልበቱ አለ፣ ውስጥ ግን አያልፍም ማለት ነው። በቃ። መሣሪያ የለ፣ ምን የለ።

ከዚያ ወደ መስኮቴ ጎንበስ አሉ። ይቺን ነው የማልተዋት። ጎንበስ አሉና «ከመቆሟ በፊት ምን ትሰሚ ነበር?» አሉኝ።

«ምንም» አልኩ።

«ዛሬን አይደለም። ሰሞኑን።»

«ምንም አባባ። ደህና ነበረች።»

ዝም ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ሲያዩኝ ግን እኔ እሳቸውን አላየሁም፣ በፊት መስታወቱ እቴቴን እያየሁ ነበር። መኪናው ሲያስቸግር ወርዳ በእግሯ ጀምራ ነበር። ትንሽ ትሄዳለች፣ ትቆማለች። ሰው ትሳለማለች። ትንሽ ትሄዳለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች። እንደገና ትቆማለች፣ ዞር ብላ ከተማውን ታያለች። ስልሳ ምናምን ዓመት ያየችውን ከተማ።

እሺ። የት ነበርኩ።

የጎማ መፍቻውን አምጪ አሉኝ። እጃቸውን ከኮፈኑ ሥር አስገቡና ሞተሪኖውን ሁለት ሦስቴ ቀስ አድርገው መቱት። አዙሪ። አዞርኩ። ቡርርር! ሰዉ እልል አለ፣ እውነት እልል አለ፣ የታቦት ይሁን የእሜቴ አላውቅም። «ካርቦኑ ሳያልቅ አይቀርም» አሉኝ። ሞተሪኖው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ካርቦን ሲያልቅ በደንብ አይነካም፣ ስትመታው ለጊዜው ይነካል። ለጊዜው ነው ታዲያ። ደግሞ አዳዲስ መኪና ያላችሁ ሰዎች እኔን ሰምታችሁ እንዳትደበድቡ፣ የብዙዎቹ ሞተሪኖ ውስጡ ማግኔት ነው፣ ይሰነጠቃል። የእሜቴ ዘመን ብረት ነው ዱላ የሚችለው።

ገንዘብ ልሰጣቸው ስል በእጃቸው መለሱኝ። «አታጥፊያት» ብለው ወረዱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

አሁን የሚቀጥለውን ስሙ። በማግሥቱ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ጎበዝ ነው፣ መለኪያውን አወጣ። ባትሪው 12.6 ቮልት፣ ጥሩ ነው። አስነሳት፣ ሲያስነሳ ከ10 በታች አልወረደም። ተነስታ 14፣ ስለዚህ ዲናሞውም ይሞላል። አጠፋ፣ አስነሳ። አጠፋ፣ አስነሳ። ትነሳለች! ጭቅ የሚባል ነገር የለም። እንደ ተገላገለች ሙሽራ ቀጥ ብላ ቆማለች። «እህቴ፣ ምንም የለባትም። ስትቆም አምጫት» አለኝ።

ስትቆም እንዴት ነው የማመጣት?

ከዚያ እንዲሁ እንዳትሄድ ብሎ መሰለኝ፣ ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደውን ማሳ ሽቦ ፈትቶ በሸራ ወረቀት ፈገፈገና አጠበቀው። ትንሽ ዝጎ ነበር አለ። እሱም ይሆናል፣ ማሳው ዝጎ ከሆነ አንዳንዴ ያልፋል አንዳንዴ አያልፍም። ደስ ብሎኝ ወጣሁ፣ መንገድ ላይ ነው የገባኝ። አሁን እኮ ጭራሽ ጠፋብኝ! ከእንግዲህ ባትቆም፣ ማሳው ነበር ማለት ነው ወይስ ካርቦኑ ገና ተራውን እየጠበቀ ነው? ሲበላሽ ሳይታይ አንድ ነገር ከተነካ፣ ምን እንደዳነ በምን ይታወቃል። ብትቆም እንደምደሰት እየተሰማኝ ነው። ይሄ ጤና አይደለም።

ማታ ማታ ደግሞ የሽማግሌውን ጥያቄ እመልሳለሁ። አልጋ ላይ ሆኜ። አባባ፣ አዎ፣ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ሳዞር አንዳንዴ መጀመሪያ ዝም ትል ነበር መሰለኝ፣ ድጋሚ ሳዞር ትነሳለች። በደንብ አላዞርኩትም ብዬ አልፈው ነበር። ብርዱ ነው ብዬ፣ እዚህ እኮ ከ2100 ሜትር በላይ ነን፣ የኅዳር ጠዋት ለባትሪም ለሰውም አይመችም። ግን ይሄ እውነት ሆኖ ነው ወይስ ስለጠየቁኝ አሁን የፈጠርኩት? ወንድሜን ጠየቅኩት፣ «እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የምትነሳው» አለ። ሁሌ እንደዛ! እሱማ ምን ይጠየቃል።

እሑድ በእግሬ እቴቴ ቤት ሄድኩ። ደህና ናት። ደህና ነኝ ትላለች። ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ተቀምጣ። እና እያየኋት፣ ድሮም ተቀምጣ ነበር የምትከትፈው? ቆማ ነበር መሰለኝ። ቆማ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ እያወራች። ወይስ ያ እናቴ ነበረች። «ምን ታፈጫለሽ» አለችኝ። «ሐኪም ቤት እንሂድ እስቲ አንድ ቀን» አልኳት። «ማን ታመመ?» አለች።

ተዉት። ይሄ የመኪና ክፍል ነው።

ወደ ሞተሪኖው። ልጁ ደውዬለት ነበር፣ ከፈለግሽ አወርደዋለሁ፣ ካርቦኑን እናያለን አለኝ። ከባድ ሥራ አይደለም። ግን የሚሠራን ነገር መፍታት እፈራለሁ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ደህና የነበረ ነገር ለምርመራ ተፈቶ ሳይገጠም የቀረ ስንት አለ። ደግሞ ፈትቶ ካርቦኑ ደህና ቢሆንስ? «አውርጂው» የምትሉ ጻፉልኝ። «ሽጫት» የምትሉ አትጻፉ፣ አልሸጥም፣ ቢያንስ እስከ ጥምቀት።

ለጊዜው ቁልቁል ነው የማቆማት። ጎንደር ለዚህ ትመቻለች፣ የትም ብትሄድ ቁልቁለት አይጠፋም። እቴቴ በር ላይ ብቻ ነው ሜዳ የሆነው። ትናንት ስኳር ላደርስላት በዚያ አለፍኩና ሞተሩን ሳላጠፋ ጥሩምባ ነፍቼ ጠራኋት። ወጣች። ቆየት ብላ ነው የወጣችው፣ ወይ ጥሩምባውን አልሰማችም ይሆናል። «ግቢ እንጂ፣ ቡና ተፈልቷል» አለች። እኔ ደግሞ ብትጠፋብኝስ ብዬ፣ በመስኮት ስኳሩን... ማለቴ ከፍ ብሎ ካለው ቁልቁለት አቁሜ በእግሬ መመለስ እችል ነበር እኮ። ሩቅ አይደለም። ግን ያን ያህል እንዳልቆይ ብዬ ነው፣ ደግሞ መሽቶም ነበር፣ እና እሷም «እሺ ሂጂ» ብላ በሩን ይዛ...

ኧረ አላውቅም።